የሩም መልክና ጠባይ

ከሸንኮራ አገዳ የሚነጠረው ሩም በመደብር መደርደሪያ ላይ ነጭ፣ ወርቅማና ጥቁር እየተባለ በሕብሩ ተለይቶ ስለሚቀመጥ፣ ከሎሚና ከስኳር ጋር ቀላቅሎ የካሪቢያን ባሕር ኮክቴል ሊሠራ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው መልኩን ነው። ነገር ግን በዚህ ረገድ መልክ የታመነ ምስክር አይደለም፤ በበርሜል ለጥቂት ዓመታት የኖረው ሩም በከሰል ተጣርቶ እንደ ውሃ ሊነጣ፣ ገና ትናንት የወጣውም በተቃጠለ ስኳር ተቀልሞ የሽማግሌ መልክ ሊይዝ ይችላልና።

የጠባዩ ሥር ያለው በመብላላቱና በማንጠሪያው ዘንድ ነው። በጃማይካ ከባድ ሩም የሚያወጡ ቤቶች፣ ይልቁንም ሃምፕደን የተባለው፣ ከስኳር ምርት የሚተርፈውን ሞላሰስ ለአንድና ለሁለት ቀን ብቻ ሳይሆን ለሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ እንዲብላላ ይተዉታል፤ ካለፈው ንጥር በድስቱ ውስጥ የቀረውን፣ እነርሱ ደንደር የሚሉትን አሲዳም አተላም ይጨምሩበታል። በዚህ ረጅም ጊዜ ከእርሾው ጋር ባክቴርያዎች እየበዙ ልዩ ልዩ አሲዶችን ያፈራሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የሆነው ቡቲሪክ አሲድ ብቻውን ሲሸተት የከረፋ ቅቤ ነው፤ ይኸው አሲድ ግን ከአልኮሉ ጋር ሲዋሐድ ኤቲል ቡቲሬት የተባለ ኤስተር ይሆንና አናናስ አናናስ ይሸታል። ከክርፋት መዓዛ የሚወለድበት ይህ ግብር፣ ከኬሚስትሪ ምሥጢራት ሁሉ እኔን አብልጦ ያስደንቀኛል። በሃምፕደን እጅግ ከባዱ ሩም ውስጥ ኤስተሩ በ100 ሊትር ንጹሕ አልኮል እስከ 1600 ግራም ይደርሳል፤ እንዲህ ያለው ለሌላው ሩም ማጣፈጫ እንጂ ለብቻው የሚጠጣ አይደለም።

ማንጠሪያው ደግሞ ያንን መዓዛ ወይ ያሻግረዋል ወይ ይቀንሰዋል። የመዳቡ ድስት፣ የአገራችን ካቲካላ አውጪዎች ጋኑን በእሳት ጥደው እንፋሎቱን በመቃ እያሻገሩ ከሚያቀዘቅዙበት ሥርዐት እምብዛም የማይርቅ በመሆኑ፣ ከአልኮሉ ጋር አብሮ የሚተነውን ሽታ በብዛት ያሳልፋል፤ አየርላንዳዊው ኤኒያስ ኮፊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830 የፈጠራ መብት ያገኘበት የዓምድ ማንጠሪያ ግን፣ እንፋሎቱን በተደራረቡ ሳህኖች መካከል እያሳለፈ ደጋግሞ ስለሚያነጥረው፣ ከመቶው 90 እጅና ከዚያም በላይ አልኮል የሆነ የለዘበ መጠጥ ይሰጣል። በ1862 በኩባዋ ሳንቲያጎ ሥራ የጀመረው ፋኩንዶ ባካርዲም ሩሙን በከሰል እያጣራ ለስላሳውን ዓይነት በዓለም አስወደደው። የማርቲኒክ ሰዎች ሞላሰሱን ትተው ትኩሱን የአገዳ ጭማቂ ስለሚያብላሉ፣ ሩማቸው ሣር ሣር ይሸታል።

እንግዲህ መራጩ ሊጠይቅ የሚገባው፣ በብርጭቆው ውስጥ ሩሙን የሚገጥመው ምንድን ነው የሚለውን ነው፤ ቅዝቃዜ መዓዛን ያዳክማልና፣ የሎሚ ኮምጣጣነትም ስሱን ጣዕም ይውጣልና። በሳንቲያጎ አቅራቢያ ካለው የማዕድን ስፍራ ስሙን የወረሰው ዳይኪሪ ሩም፣ ሎሚና ስኳር ብቻ ስለሆነ የለዘበው የኩባ ዓይነት ይበቃዋል፤ የጃማይካው ከባድ ሩም ቢገባበት መጠጡ አይበላሽም፣ ነገር ግን ሎሚው አገልጋይ ሆኖ ይቀራል። ማይታይ የተባለው ግን የብርቱካን ሊከርና የአልመንድ ሽሮፕ ጭምር የሚገቡበት ነውና፣ ትሬደር ቪክ የሚባለው ቪክተር በርጀሮን በ1944 በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ሲቀምመው 17 ዓመት የቆየ የጃማይካ ሩም መረጠ፤ ያ ሩም ባለቀ ጊዜም፣ ከአንድ ጠርሙስ የሚያገኘውን በሁለት ለመተካት የጃማይካውን ከማርቲኒኩ ጋር ቀላቀለ።

ከእርሱ አስቀድሞ በሆሊዉድ ዶን ዘ ቢችኮምበር በሚለው ቅጽል ስም የታወቀው ኧርነስት ጋንት በ1934 ዞምቢ ለተባለው መጠጡ የፖርቶ ሪኮውን ለልስላሴው፣ የጃማይካውን ለመዓዛው፣ ከመቶው 75.5 እጅ አልኮል የሆነውን የጋያናውን ዴመራራ ሩም ለኃይሉ በአንድ ብርጭቆ አስተባብሯል። ቅመማውን ከገዛ ሠራተኞቹ ሳይቀር በምሥጢር ምልክት ይሸሽግ ነበር፤ ስለ ኃይሉ ግን ምንም አልሸሸገም፤ ለአንድ ደንበኛ ከሁለት ዞምቢ በላይ አይቀዳም ነበር።