ከዕቃው ጀርባ ያለው ቁጥር

በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ስሠራ ከቅርንጫፍ የመጣ የቆጠራ ቅጽ እጄ ገባ። ዐሥራ ሁለት ኮምፒውተር ተመዝግቧል፤ የዐሥራ ሁለቱም ሲሪያል ቁጥር አንድ ነው። የመዘገበው ልጅ አላጭበረበረም። ከኮምፒውተሩ ጀርባ በትልቁ የተጻፈውን ገልብጧል፤ በትልቁ የተጻፈው ግን የሞዴል ቁጥሩ ነበር። ሲሪያሉ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ከባርኮዱ ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። ስድስት ወር ሳይሞላ ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ጠፋ። የጠፋው የትኛው እንደሆነ፣ በዕቃ ማውጫው ቅጽ፣ በሞዴል 22፣ ለማን ወጪ እንደተደረገ የሚናገር አልተገኘም። ፖሊስ ጣቢያ ይዘን የሄድነው ቁጥር የጠፋውም ያልጠፉትም ነበር።

ሞዴል የዘር ስም ነው፤ ሲሪያል የራስ ስም። ተከታታይ ቁጥር፣ መለያ ቁጥር፣ በመኪና ላይ ሻንሲ ቁጥር፣ በሞባይል ላይ አይኤምኢአይ ቢባል ሥራው ያው ነው። ይህን ያህሉ ይበቃል፤ ንብረት ክፍል አንድ ቀን የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፣ ወይም ሊያውቀው ይገባ ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ይህ ቁጥር ዕቃው እስኪጠፋ ድረስ ምንም የማይናገር፣ ከጠፋም በኋላ ስለዚያው ስለ አንዱ ዕቃ ብቻ የሚናገር ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን ዕቃው በሰላም በተቀመጠበትም ይናገራል። የሚናገረውም ስለ ራሱ ብቻ አይደለም፤ ዐይናችን አይቷቸው ስለማያውቃቸው ወንድሞቹም ነው።

ይህን ለማሳየት ከእድር ወንበር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ለቅሶ ደርሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። በአጠገብዎ ካሉት የአምስት ወንበሮች ጀርባ ላይ በቀለም የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ፦ 14፣ 37፣ 61፣ 83፣ 90። እድሩ ስንት ወንበር አለው? ከ90 እንደማያንስ ግልጽ ነው። ግን አምስት ወንበር ብቻ ያየ ሰው የመጨረሻዋን ወንበር አገኘኋት ብሎ ቢያስብ የዋህነት ነው። እስከ 90 ድረስ አምስት ካገኙ፣ በአማካይ በየ18ቱ አንድ አገኙ ማለት ነው። እንግዲያው ከ90 በላይም ያንኑ የሚያህል ክፍተት አለ ብሎ መገመት ያስኬዳል። 90 ላይ 18 ይጨምሩ፣ አንድ ይቀንሱ፤ 107። የእድሩን ጸሐፊ መዝገብ ሳይጠይቁ፣ ከመቀመጫዎ ሳይነሡ፣ ከእውነቱ ብዙ የማይርቅ መልስ ያዙ። ብዙ ወንበር ባዩ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል፣ ግምቱም ይጠነክራል። የሚያስፈልገው ወንበሮቹ ከ1 ጀምሮ ሳይዘለል የተቆጠሩ መሆናቸው፣ ድንኳኑ ውስጥ የገቡትም ሳይመረጡ እንዳጋጣሚ የገቡ መሆናቸው ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተባባሪዎቹ ኃይሎች የጀርመንን ታንክ የቆጠሩት በዚህ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለንደን በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የኢኮኖሚ ጦርነት ክፍል፣ ከተማረኩና ከተቃጠሉ የጀርመን መሣሪያዎች ላይ ቁጥርና ምልክት እየለቀመ መመርመር ጀመረ። ጥያቄው አጭር ነው፦ ጀርመን በወር ስንት ታንክ ታወጣለች? በተለመደው የስለላ መንገድ የተገኘው መልስ አስደንጋጭ ነበር። ለጁን 1940፣ 1,000 ታንክ ይላል። ቁጥሮቹን የመረመሩት ሰዎች ስሌት ግን ለዚያው ወር 169 አለ። ለጁን 1941 ስለላው 1,550 ሲል፣ ስሌቱ 244። ለኦገስት 1942 ስለላው ያንኑ 1,550 ሲደግም፣ ስሌቱ 327።

ጦርነቱ አልቆ የጀርመኖቹ የራሳቸው የምርት መዝገብ ሲገለጥ፣ ትክክለኛው ቁጥር በተራ 122፣ 271 እና 342 ሆኖ ተገኘ። ሪቻርድ ረግልስና ሄንሪ ብሮዲ ይህን ሁሉ በ1947 በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ጽፈው አወጡት። እኔ እነዚህን ሦስት መስመሮች መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ቅጽ የመሙላት ሥራዬን ማየት የጀመርኩት በሌላ ዐይን ነው።

ከሁሉ የምወደው ዝርዝር የካምቢዮው ነው። መርማሪዎቹ የሞተርም የሻንሲም ቁጥር ነበራቸው፤ በእነዚያ መጠቀም ግን ይበልጥ የተወሳሰበ ነበር። የካምቢዮው ቁጥር ግን ሳይቆራረጡ የሚሄዱ ሁለት ተከታታዮች ሆኖ ተገኘ። ታንኩን የደበቀ ሠራዊት፣ ፋብሪካውን በጨለማ የሸፈነ መንግሥት፣ ምስጢሩን በጥርስ ሣጥን ላይ አትሞ ወደ ጦር ሜዳ ላከው።

ጎማውም እንዲሁ ነው። ታንክ የሚንከባለልባቸው ክብ ጎማዎች ላይ የተጋገሩበት ቅርጽ ቁጥር ይወጣል። ከሁለት ታንክ ብቻ፣ ከእያንዳንዱ 32፣ በድምሩ 64 ጎማ ተመረመረ። ከዚያ ስንት ቅርጽ በሥራ ላይ እንዳለ ተገመተ፤ የእንግሊዝ ጎማ ሠሪዎች ደግሞ አንድ ቅርጽ በወር ስንት ጎማ እንደሚያወጣ ተጠየቁ። ከሁለቱ ተባዝቶ የመጣው መልስ ለፌብሩዋሪ 1944፣ 270 ታንክ የሚል ነበር። መዝገቡ ሲከፈት 276 ይላል።

ታዲያ ጀርመኖቹ ለምን ቁጥሩን አልተዉትም? ለሚለኝ ሰው መልሴ የንብረት ክፍል መልስ ነው። ቁጥር የሌለው ካምቢዮ ሲሰበር ወደ የትኛው ፋብሪካ ይመለሳል? ብልሽቱ በአንድ ዕቃ ላይ ነው ወይስ በዚያ ሳምንት በወጡት ሁሉ? መለዋወጫ ለየትኛው ይላካል? ቁጥሩን ያነሣ ፋብሪካ ከጠላቱ በፊት ራሱን ያሳውራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፤ ስሌቱን የሚማሩ ወጣቶች የሚዘሉት እሱን ነው። ቁጥሩ ከ1 ይጀምራል ብሎ ማመን አደገኛ ነው። ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ በጊታሮቹ ላይ ቁጥር ማተም የጀመረው በ1898 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥርም 8000 ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ያን ያህል ሠርተናል ብለው ገምተው። ያን የማያውቅ ሰው በዚያ ዓመት ብቻ ስምንት ሺህ ጊታር ወጣ ሊል ነው። ደረሰኝ ላይም ያው ነው። ኦዲተር ጥራዙን ሲያገላብጥ መጀመሪያ የሚፈልገው የገንዘቡን ድምር አይደለም፤ ከየት ጀምሮ የት እንደቆመና በመሐል የተዘለለ ቁጥር መኖሩን ነው። የጎደለች አንዲት ቅጠል ከተጻፉት ሁሉ በላይ ታናግረዋለች።

ሁለተኛው የተሳሳተ እምነት ቁጥር በሞረድ ይጠፋል የሚለው ነው። የተሰረቀ ሞተር ወይም የጦር መሣሪያ ላይ ቁጥሩን ሞርደው ለስላሳ ካደረጉ በኋላ ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው አሉ። ደብተር ላይ እስክሪብቶ ተጭነው ሲጽፉ፣ ቅጠሉን ቢገነጥሉትም ከሥሩ ባለው ላይ ጽሑፉ ተጎድጉዶ ይቀራል። ብረትም እንደዚያው ነው። ቁጥሩ በምት ሲታተም ከሚታየው ጉድጓድ በታች ያለው ብረት ተጨምቆ ባሕርዩ ይለወጣል። ሞረዱ የሚበላው ላይኛውን ነው። የፎረንሲክ ባለሙያ ቦታውን አለስልሶ፣ የመዳብ ክሎራይድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ውህድ ሲቀባው፣ አሲዱ የተጨመቀውንና ያልተጨመቀውን ብረት እኩል አይበላም፤ የጠፋው ቁጥር ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ከተጨመቀው ክፍል በታች ጠልቆ ከተሞረደ ግን አሲድም አያድነው። ብረት ካለ ቁጥር ሊተርፍ እንደሚችል በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ሲቲም ታይቷል። ኤፕሪል 19 ቀን 1995 በዚያ ከተማ ቦምብ ጭኖ የፈነዳው የጭነት መኪና ተበጣጥሶ፣ የኋላ አክስሉ ራቅ ብሎ ወድቆ ተገኘ። መርማሪዎቹን ወደ አከራዩ ድርጅት፣ ከዚያም ወደ ተከራዩ የመራቸው በአክስሉ ላይ የተረፈው መለያ ቁጥር ነው።

የገንዘብ ኖት ቁጥርም ከሌባ መያዣነት የሰፋ ጥቅም አለው። በ1932 የአሜሪካዊው አብራሪ የሊንድበርግ ልጅ ተጠልፎ ቤዛ ሲከፈል የኖቶቹ ቁጥር ተመዝግቦ ነበር። በ1934 አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ አሥር ዶላር ተቀብሎ፣ ተጠራጥሮ፣ የመኪናውን ታርጋ በኖቱ ጠርዝ ላይ ጻፈው፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ተገናኙና ተጠርጣሪው ተያዘ። ይህ የታወቀ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ በ2006 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ጥናት ነው። ብሮክማን፣ ሁፍናግልና ጋይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች የ464,670 ዶላር ኖቶችን ጉዞ አጠኑ። መረጃው የመጣው ሰዎች እጃቸው የገባውን ኖት ቁጥርና ያሉበትን ቦታ በፈቃዳቸው ከሚመዘግቡበት የአሜሪካ የኢንተርኔት መዝገብ ነው። ብር በሰው ኪስ ነው የሚጓዘው፤ ብሩን የተከተለ ሰውን ተከተለ። አብዛኛው ኖት ሠፈሩ አካባቢ ሲንከራተት ጥቂቱ በአንድ ዝላይ አገር ያቋርጣል፤ ይህም ሥርዓት ያለው ቀመር ሆኖ ተገኘ። ተላላፊ በሽታ ከከተማ ከተማ እንዴት እንደሚዘል ለሚያሰሉ ሰዎች ትልቅ መሣሪያ ሆነላቸው።

ስለ ሞባይል ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ሲመቱ የሚመጣው አይኤምኢአይ 15 አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ የስልኩን ዓይነት፣ ቀጣዮቹ ስድስቱ ያንን ስልክ ራሱን ይለያሉ። የመጨረሻዋ አንዲት አኃዝ ግን ምንም አትቆጥርም፤ ሌሎቹን ትጠብቃለች። ከ14ቱ በስሌት የምትወጣ ስለሆነች ከመሐል አንዷን አኃዝ ተሳስተው ቢጽፉ ሒሳቡ አይገጥምም፣ ስሕተቱ ይታወቃል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞችን ቢያቀያይሩም፣ 0 እና 9 ካልሆኑ በቀር፣ ትይዝዎታለች። ስሌቱን የፈለሰፈው የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን ነው፤ የፈጠራ ባለቤትነቱን ያመለከተው በ1954፣ የተሰጠው በ1960 ነበር። የመኪና ሻንሲ ቁጥር ላይ ደግሞ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት የሉም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብለው ተተዉ። ቁጥሩን የሠሩት ሰዎች ለእኛ ዐይን ይህን ያህል ተጨንቀው ሳለ፣ እኛ ስልኩን የገዛን ዕለት ካርቶኑን ከነቁጥሩ እንጥላለን። ከዚያ ስልኩ ሲሰረቅ፣ ቁጥሩን የሚያሳየን ራሱ የተሰረቀው ስልክ ነው። እባክዎ፣ አሁን ይህን እያነበቡ ሳለ ይምቱትና ከስልኩ ውጪ አንድ ቦታ ይጻፉት።

ባለፈው ዓመት ኮት ላስጠብብ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባሁ። ሲንጀራቸው ጥቁር፣ የወርቅ ቀለሙ የተላላጠ ነው።

“ጋሼ፣ ይህ ማሽን የስንት ዘመን ነው?”

“የጣሊያን ጊዜ ነው ልጄ። የአባቴ ነው።”

ፈቃድ ጠይቄ ከማሽኑ ወለል ቀኝ ጥግ የዘይቱን ቆሻሻ በጨርቅ ጠረግሁ። በላቲን ኢ እና ኤች፣ ከዚያ ስድስት አኃዝ ወጣ። ሲንጀር ከ1900 ወዲህ በቁጥሩ ፊት ፊደል ያስቀድማል፤ በኢ የሚጀምሩት ጥንድ ፊደላት በስኮትላንድ ክላይድባንክ ለነበረው፣ በ1980 ለተዘጋው ፋብሪካ የተመደቡ ናቸው። ኢኤች ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ተከታታይ ነው። ማሽኑ ሲሠራ ጣሊያን ከአገር ወጥቶ ዓመታት አልፈዋል። ነገርኳቸው።

መርፌውን አቁመው ጥቂት ዝም አሉ። “እንግዲያው አባቴ የገዙት እኔ ከተወለድኩ በኋላ ነው። ከእኔ በፊት የነበረ ይመስለኝ ነበር።”

የልኬት ደብተራቸውን አውጥተው ቁጥሩን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ከአኃዞቹ አንዷ ተበልታ 3 ትሁን 8 አልለይ አለችኝ፤ ሲንጀር ላይ ደግሞ ስሕተት የምትይዝ የመጨረሻ አኃዝ የለችም። የስልኬን መብራት አብርቼ በጎን በኩል አጋደልኩት። 8 ነበረች። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አጎንብሰው ካዩ በኋላ ጻፉት።