ከሳንቃ በር እስከ ኦሎምፒኮ፡ የበቅሎ ጫኙ ጥያቄ

ጥር 2015 ዓ.ም. ሳንቃ በር ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው በዚህ የስሜን ተራሮች ካምፕ የቱሪስት ጓዝ ከበቅሎ የሚያወርድ አንድ የደባርቅ ጎረምሳ ከጋቢው ስር የሮማ ማልያ ለብሷል። ጀርባው ላይ 10 ቁጥር፣ ቶቲ! «ጣሊያኖች ትተውልኝ ሄዱ» አለኝ። የስፖርት ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰማ ስለ ጊዮርጊስም ሆነ ስለ ፋሲል አልጠየቀኝም።

«ወንድምዓለም፣ እነሱ በሁለት በሦስት ቀን እዚህ ናቸው። እኔ ኦሎምፒኮ ገብቼ አንድ ጨዋታ ልይ ብል በስንት ቀን እደርሳለሁ?»

ሳቅኩና አለፍኩት። ጥያቄው ግን ተከተለኝ።

ጣሊያናዊው ሮም ላይ ይሳፈራል፣ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ይቀይራል፣ ጎንደር ያርፋል። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ ስካውት ይዞ ማታውን ሳንቃ በር ነው። ቪዛውን ሶፋው ላይ ተቀምጦ በኢንተርኔት ጨርሶታል። የኛ ልጅ መንገዱ ያው ነው፤ በሩ ግን ሌላ ነው።

የሼንገን ቪዛ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው አሻራውን ራሱ ቀርቦ ይሰጣል፤ ይህ ማለት አዲስ አበባ ድረስ መውረድ ነው። ክፍያው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ ብሏል፤ ቢከለክሉህም አይመለስም። በዚያ ላይ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን፣ የባንክ ሂሳብ እንቅስቃሴ፣ የማረፊያ ማስረጃ፣ የሥራ ደብዳቤ። ገንዘቡን በእጁ የሚቀበል በቅሎ ጫኝ የሥራ ደብዳቤ ከማን ያጽፋል? ከበቅሎዋ? ነሐሴ 2015 በክልሉ ግጭት ከተነሳ በኋላ ደግሞ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት መጡ፣ ቱሪስቱም ራቀ። ቱሪስት ሲርቅ 90ው ዩሮም ይርቃል።

ሌላም ጣጣ አለ። የሴሪ አ ጨዋታዎች ትክክለኛ ቀንና ሰዓት የሚቆረጠው በየተወሰነ ሳምንቱ ነው። ቅዳሜ ይሆናል ብለህ ቲኬት የቆረጥክበት ጨዋታ ሰኞ ማታ ሊሆንብህ ይችላል። የስታዲየሙ መግቢያም በስም ነው፤ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ያስተያዩታል። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም እየሞላን ለምንጓዝ ለኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እንበልና ተሳካ። ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ሲደርስ ሁሉም የሚሮጠው በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ወደሚያደርሰው ፈጣን ባቡር ነው፣ 14 ዩሮ። የደባርቅ ልጅ ግን ወደ ሌላው ባቡር ይሂድ፣ 8 ዩሮ ነው። ኦስቲየንሴ ይውረድ፣ ጎኑ ካለው ፒራሚዴ የሜትሮ ጣቢያ አንድ ፌርማታ ተጉዞ ቺርኮ ማሲሞ ላይ ይውጣ። ከፊት ለፊቱ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ አለ። በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚህ ፊት ነው። ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርደው፣ ጣሊያኖች የሠሩት መንገድ ወደ አክሱም እንደሚወስድ ልጁ ያውቃል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በዚህ በኩል አለፈ። ከሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲሮጥ ቆይቶ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ተፈተለከ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን! ሐውልቱ ከነበረበት አንስቶ ሩጫው እስካለቀበት እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ያለው የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም።

አሁን ወደ ኳሱ። ግንቦት 19 ቀን 2001 ዓ.ም. ኤቶና ሜሲ ማንቸስተር ዩናይትድን 2 ለ 0 ሲቀጡ ያየነው ኦሎምፒኮ ከዚህ ሩቅ ነው፤ ሜትሮም አይደርሰውም። ከቺርኮ ማሲሞ ተርሚኒ፣ እዚያ መስመር ቀይሮ ፍላሚኒዮ፣ ከፍላሚኒዮ በትራም ቁጥር 2 እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ ከዚያ ድልድዩን በእግር። ቀኑ ካልመሸ ድልድዩን ሲሻገር ቀና ይበል። የሙሶሊኒ ስም የተቀረጸበት ነጭ ሐውልት እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው ቆሟል። የኛን ወሰዱና መለሱ፤ የራሳቸውን አላፈረሱም። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል፣ ግን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው።

ደግሞ ቶቲን የለበሰ ሰው ትኬቱን የደቡብ ኩርቫ ያድርገው። ሰሜኑ የላዚዮ ነው።