ለዘገየ ኮምፒውተር ማስተካከያው ከውስጡ ነው፤ ከውጭ የሚጫነው ጥንቃቄ ይሻል

በኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በኮፒ ቤት የተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ብዙ እጅ ያልፍበታል። ዓመታት ሲያልፉ መስኮቶቹ እየዘገዩ ይከፈታሉ፤ ጽሑፉ ለዓይን ያንሳል፤ ዝርዝሮቹ ቶሎ አይወርዱም። ተጠቃሚው ወይ “አርጅቷል” ብሎ ይተወዋል፣ ወይ “ኮምፒውተርን ያፈጥናል፣ ያሳምራል” የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ከማያውቀው ድረ ገጽ አውርዶ ይጭናል። ሁለተኛው መንገድ የአባላትን መዝገብና የተማሪዎችን ውጤት ከነማስቀመጫው ሊያሳጣ ይችላል። ደግነቱ፣ ከሚፈለገው ለውጥ አብዛኛው ምንም ሳይወርድ፣ በዊንዶውስ ውስጥ ባሉ ማስተካከያዎች ብቻ ሊከናወን የሚችል ነው።

ዊንዶውስ ከሚሠራው ሥራ ጥቂት የማይባለው ለጌጥ ነው። መስኮት ሲከፈትና ሲታጠፍ የሚታየው መንሸራተት፣ ከመስኮቱ ሥር የሚያርፈው ጥላ፣ ደብዘዝ ብሎ የሚመጣው ዝርዝር ሁሉ የማሽኑን አቅም ይጠይቃሉ። አዲስ ኮምፒውተር አይሰማውም፤ ሜሞሪው አነስተኛ የሆነው አሮጌው ግን ይከብደዋል። ጌጡን ለመቀነስ ስታርት ላይ “ፐርፎርማንስ” የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ መጻፍና ከሚመጡት አማራጮች “አድጀስት ዘ አፒራንስ ኤንድ ፐርፎርማንስ ኦፍ ዊንዶውስ” የሚለውን መክፈት ነው። “አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ” ሲመረጥ ጌጡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል።

እዚህ ላይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። ከዝርዝሩ መካከል “ስሙዝ ኤጅስ ኦፍ ስክሪን ፎንትስ” የሚል አለ፤ እርሱን ተመልሶ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ከጠፋ የፊደላት ጠርዝ ይሻክራል። በላቲን ፊደል ንባቡ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። የእኛ ፊደል ግን “ሰ”ን ከ“ሱ”፣ “ጸ”ን ከ“ጹ” የሚለየው በጎን የምትወጣ ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ጽሑፉ ሲያንስና ጠርዙ ሲሻክር መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት። ጽሑፉ በራሱ ካነሰ ደግሞ “ሴቲንግስ” ውስጥ ገብቶ፣ “ሲስተም” ከዚያም “ዲስፕሌይ” የሚለውን ከፍቶ፣ “ስኬል” የሚባለውን ከ100 ወደ 125 በመቶ ከፍ ማድረግ ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ሊያልቅ የተቃረበ ሃርድ ዲስክን እንደማያድሱ ግን መታወቅ አለበት።

ከእነዚህ ጠለቅ ያለው፣ በተለምዶ “ስውር ማስተካከያ” የሚባለው፣ ሬጅስትሪ ውስጥ ይገኛል። ሬጅስትሪ ዊንዶውስ ስለራሱና ስለተጫኑበት ፕሮግራሞች የሚይዘው ትልቅ መዝገብ ነው። “ሬጅኤዲት” በሚባለው ፕሮግራም ይከፈታል። አንድ ምሳሌ እንመልከት። “ሜኑ ሾው ዲሌይ” የሚባል መስመር አለ፤ ማውሱ አንድ ዝርዝር ላይ ሲያርፍ በውስጡ ያለው ንዑስ ዝርዝር ከመከፈቱ በፊት የሚጠበቀውን ጊዜ ይወስናል። የተለመደው ቁጥሩ 400 ነው፤ 400 ሚሊሰከንድ፣ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ብዙ ሰው የማሽኑ ድካም የሚመስለው ይህ መዘግየት ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ ማውስ በላዩ ባለፈ ቁጥር ዝርዝሩ እየዘለለ እንዳይከፈት ነው። ወደ 100 ወይም 150 ዝቅ ሲል፣ ተጠቃሚው ወጥቶ እንደገና ሲገባ ልዩነቱ ይታያል። ወደ ዜሮ ማውረዱን ግን አንመክርም፤ እጁ ለማይረጋ ሰው ያስቸግራል።

መስመሩ የሚገኘው “ከረንት ዩዘር” በሚለው ክፍል፣ “ኮንትሮል ፓነል” ቀጥሎም “ዴስክቶፕ” ሥር ነው። የክፍሉን ስም ልብ ማለት ይገባል። “ከረንት ዩዘር” ውስጥ የሚደረግ ለውጥ የሚነካው በዚያ ሰዓት የገባውን ሰው ገጽ ብቻ ነው። “ሎካል ማሽን” በሚለው ክፍል የሚደረገው ግን በኮምፒውተሩ የሚገለገለውን ሁሉ ይነካል። አንዱ የራስን ክፍል እንደ መቀባት ነው፤ ሌላው የጋራ ግቢውን በር እንደ መንቀል። ምንም ከመቀየሩ በፊት “ፋይል” ከዚያም “ኤክስፖርት” በሚለው የዚያን ክፍል ቅጂ ማስቀመጥ፣ የቀድሞውንም ቁጥር ወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

ከውጭ የሚጫኑ ትንንሽ ፕሮግራሞች ሁሉም መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ዊንዶውስ 8 በጥቅምት 2005 ዓ.ም ለገበያ ሲቀርብ የለመድነው የስታርት ቁልፍ ከቦታው ጠፍቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ ብዙ ተጠቃሚ የቀድሞውን ገጽታ ያስመለሰው ክላሲክ ሼል በተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ሥራው የታመነ ነበር። ነገር ግን በሐምሌ 2008 ዓ.ም መጨረሻ ሰርጎ ገቦች ፕሮግራሙ የሚወርድበትን ፎስሀብ የተባለ ድረ ገጽ ሰብረው፣ በእውነተኛው ምትክ ጎጂ ፋይል አስቀመጡ። ያንን ያወረዱት ሰዎች ኮምፒውተራቸውን አጥፍተው ሲያበሩ ዊንዶውስ አልነሳ አለ፤ ማሽኑ የሚነሳበት የዲስኩ መጀመሪያ ክፍል በሌላ ጽሑፍ ተተክቶ ነበር። በዲስኩ ላይ የነበሩት ሰነዶች አልተደመሰሱም፤ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ በአጠገቡ ላልነበረው ሰው ግን ሁሉ የጠፋ ያህል ነበር።

ከዚያ ጥቃት ሊያድን የሚችል አንድ ምልክት ነበር። እውነተኛው ፋይል የሠሪውን ዲጂታል ፊርማ ይዞ ነበር፤ ሐሰተኛው አልነበረውም። ዊንዶውስ ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት ፈቃድ የሚጠይቅበትን ሳጥን ብዙዎቻችን ሳናነብ “የስ” እንላለን። “ፐብሊሸር” ከሚለው ቃል ጎን የሠሪው ስም ካለ ፊርማው ተረጋግጧል። “አንኖውን” ካለና ሳጥኑ ቢጫ ከሆነ የማን እንደሆነ አልታወቀም፤ በጋራ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለውን አለመጫን ይሻላል። በፍላሽ ከሰው የተገኘ ፕሮግራምም በዚሁ ሚዛን ይመዘን።

የራሱ የማይክሮሶፍት የሆነ አማራጭም አለ። ፓወርቶይስ የሚል ስም ያለው የትንንሽ መሣሪያዎች ስብስብ በመጀመሪያ ለዊንዶውስ 95 የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከ2011 ዓ.ም ወዲህ እንደገና በነፃ ይቀርባል፤ በዊንዶውስ 10ና 11 ይሠራል። በውስጡ ካሉት ለእኛ ሁኔታ የሚጠቅመው “ኪቦርድ ማናጀር” ይመስለናል። አንድ የኪቦርድ ቁልፍ ሲሞት ላፕቶፑን ወደ ጠጋኝ ከመውሰድ በፊት፣ የሞተውን ቁልፍ ሥራ ብዙም ለማንጠቀምበት ለሌላ ቁልፍ መስጠት ያስችላል። ይሁንና ይህ መሣሪያ በመግቢያው የይለፍ ቃል ገጽ ላይ አይሠራም። የሞተው ቁልፍ የይለፍ ቃሉ ውስጥ ካለ ከመውጣት በፊት ቃሉን መቀየር ያስፈልጋል።