«ፖዘቲቭ» ሁሉ ክፉ ነው?

አዳዳ እያልን የምንጠራት የአባቴ እህት ባለፈው ክረምት ከጊምቢ ነቀምቴ መጥታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። «አንተ ተማሪ ነህ፣ አንብብልኝ» አለች። ከጡቷ የወጣው እብጠት የፓቶሎጂ ውጤት ነበር፤ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። እኔም ደፍሬ አነበብኩ፣ ተሳሳትኩም። «ግሬድ 3» የሚለውን «ካንሰሩ ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል» አልኳት። ዝቅ ብሎ «ፖዘቲቭ» የሚል ሳይ ደግሞ ዝም አልኩ። በእኛ ዘንድ ፖዘቲቭ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ኤች አይ ቪ ነውና ፊቷ ጥቁር አለ።

በኋላ ሐኪም ጠይቄ የተረዳሁትን ለእናንተም ላካፍል። ግሬድ ማለት የካንሰሩ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኞቹ ምን ያህል እንደተለዩ የሚገልጽ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ይሰጣል። ስቴጅ ግን ሌላ ነው፤ የእብጠቱን መጠን፣ ወደ ብብት ንፍፊትና ወደ ሌላ አካል መዛመት አለመዛመቱን ይናገራል። ችግሩ በአማርኛ ሁለቱንም «ደረጃ» ማለታችን ነው።

«ፖዘቲቭ» ደግሞ እንደ መስመሩ ይለያያል። የተቆረጠው ሥጋ ጠርዝ ላይ ከሆነ ካንሰር ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ አይደለም። በኤስትሮጅን ተቀባይ መስመር ላይ ከሆነ ግን ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ስለሆነ ታሞክሲፌን በሚባለው ርካሽ ኪኒን ሊገታ ይችላል። በአዲስ አበባ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እንዲህ ዓይነት መሆናቸውን አሳይቷል። «ሄር 2» የሚለው ከ0 እስከ 3+ ይጻፋል፤ 3+ ፖዘቲቭ ነው፣ የራሱ መድኃኒትም አለው፣ ግን ውድ ነው። 2+ ከሆነ አልለየለትምና ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል።

ምርጫው ላይ መንገዱም ይገባበታል። እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጡቱ ከተረፈ አብዛኛውን ጊዜ የጨረር ሕክምና መከተል አለበት። ጨረር ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ ዛሬ ጅማም ይሰጣል። ለሳምንታት በየቀኑ የሚወሰድ ሕክምና ነውና ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቤት ተከራይቶ መቀመጥን ይጠይቃል። ስለዚህ ጡቷ በሙሉ እንዲወጣ የምትመርጥ የወለጋ እናት ባላወቀችው ነገር ወስናለች ማለት አይቻልም፤ ቤቷንም አስባ ነው።

የአዳዳ ኤስትሮጅን ፖዘቲቭ ነው። ኬሞቴራፒውን ጨርሳ አሁን በቀን አንድ ፍሬ ታሞክሲፌን ትውጣለች። ቢያንስ አምስት ዓመት እንደሆነ ስነግራት፣ «ያን ያህል የምቆይ መስሎሃል?» ብላ ሳቀች። ያዘዛት ሐኪም ግን ቀጠሮዋን ጽፎላታል።