የተቆለፈ ዲስክ ሲታመም

በሊኑክስ የተመሰጠረ ሃርድ ዲስክ ተፈትቶ ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ አንድ ትሑት የሚመስል ጥያቄ ብቅ ይላል፤ ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት፣ ይደረግ? ዊንዶውስ ክፋት የለውም። የማያውቀው ዓይነት አጻጻፍ ስለገጠመው ዲስኩን እንደ ባዶ ቆጥሮታል። ጥያቄው የሚመጣው ግን ሰው በተደናገጠበት ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ አልነሣ ብሎት፣ ዲስኩን ይዞ ጥገና ቤት ሄዶ። ባለቤቱ ወይም ጠጋኙ «እሺ» ካለ ፎርማቱ የዲስኩ መነሻ ላይ ይጽፍበታል፤ ቁልፉ የተቀመጠውም እዚያው መነሻው ላይ ነው። ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ የሂሳብ ሰነዱ አብዛኛው በየቦታው እንዳለ ይቀራል፤ ሊያነበው የሚችል ግን አይኖርም።

ከዚህ ዓይነቱ ጥፋት የሚድነውን ብልሽት ለመለየት፣ ዲስኩ ላይ የተደራረቡትን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የታችኛው ምስጠራው ነው። በሊኑክስ ይህን የሚይዘው ክሌመንስ ፍሩቪርት የነደፈው ለክስ የተባለው ሥርዓት ነው፤ ኡቡንቱ፣ ዴቢያንና ፌዶራ ሲጫኑ ዲስኩን ለመመስጠር የሚጠቀሙት በእሱ ነው። ለክስ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከላይ የመጣለትን መስጥሮ ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዲስኩ ያነበበውን ፈትቶ ወደ ላይ ያቀብላል። የላይኛው ፋይል ሲስተሙ ነው፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ኤክስት4። እሱ ደግሞ ስለ ምስጠራ ደንታ የለውም። ሥራው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራ ነው፤ የትኛው ሰነድ የት እንዳለ፣ ስሙ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ እንደተያዘና የትኛው ነጻ እንደሆነ ይመዘግባል።

መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ ወይም ውጫዊ ዲስክ እየጻፈ ሳለ ሲነቀል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ይህ መዝገብ ነው። አንድ ፋይል ለማስቀመጥ ፋይል ሲስተሙ በርካታ ቦታዎች ላይ መጻፍ አለበት፤ ሁለቱን ጽፎ ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ኃይል ከተቋረጠ መዝገቦቹ እርስ በርሳቸው ይጣረሳሉ። በ2001 ሊኑክስ ውስጥ የገባው ኤክስት3 ለዚህ መላ አመጣ፤ ለውጡን አስቀድሞ ጆርናል ላይ ይጽፍና ከዚያ ወደ ቦታው ያስገባዋል። ኤክስት4 ይህንኑ ወርሷል። መደበኛው አሠራር ግን ጆርናል ላይ የሚያሰፍረው የመዝገቡን ለውጥ ብቻ ነው፤ የፋይሉን ይዘት አይጨምርም። መብራት ሲመጣ ፋይል ሲስተሙ ደህና ሆኖ ይነሣል፣ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች የተተየበው አንቀጽ ግን የለም። ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ጆርናሉ ያላቃናው መጣረስ ሲኖር ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆምና ኤፍኤስሲኬን በእጅ አስነሡ ይላል። ኤፍኤስሲኬ የፋይል ሲስተም መርማሪና ጠጋኝ ነው፤ ዝርያው በ1970ዎቹ ቴድ ኮዋልስኪ ለዩኒክስ ከጻፈው ፕሮግራም ይመዘዛል። በተመሰጠረ ዲስክ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። መርማሪውን በቀጥታ በተቆለፈው ክፍል ላይ ያስነሡታል። ኤክስት4 ከመነሻው 1024 ባይት ገባ ብሎ ሱፐርብሎክ የሚባል ዋና መዝገብ አለው፤ በውስጡም የማንነቱ ምልክት የሆነ ቋሚ ቁጥር ይገኛል። መርማሪው ያን ቁጥር ሲፈልግ የተመሰጠረ ጽሑፍ ያገኛል፣ ሱፐርብሎኩ ተበላሽቷልም ይላል። ሰውየው ዲስኩ ሞተ ብሎ ይደመድማል። ዲስኩ ግን አልተከፈተም እንጂ ምንም አልሆነም።

ሥርዓቱ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ከፍላሽ በተነሣ ኡቡንቱ ገብቶ ክሪፕትሴትአፕ በተባለው መሣሪያ ዲስኩን በይለፍ ቃል መክፈት። ሲከፈት በዴቭ ማፐር ሥር አዲስ፣ የተፈታ ዲስክ ስም ይወጣል። ጥገናው የሚካሄደው በዚያ ስም ላይ ነው። በብዙ የኡቡንቱ ተከላዎች በምስጠራውና በፋይል ሲስተሙ መካከል ኤልቪኤም የሚባል ከፋፋይ ስላለ እሱንም ማንቃት ያስፈልጋል። ፋይል ሲስተሙ በጥገናው ወቅት ማውንት መሆን የለበትም፤ ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ፋይል ሲስተም መጠገን ከመጀመሪያው ብልሽት የባሰ ጉዳት ያመጣል።

የይለፍ ቃሉ እምቢ ካለስ? ከመደንገጥ በፊት ኪቦርዱን መጠርጠር ነው። ከፍላሽ የተነሣው ሥርዓት ባለቤቱ የለመደውን የኪቦርድ አቀማመጥ ላያውቅ ይችላል። ጀርመን አገር በተገዛ ላፕቶፕ ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ምልክቶቹም ሌላ ቦታ ናቸው። ፍራንክፈርት ያለ ዘመድ የላከው ላፕቶፕ አዲስ አበባ ላይ ትክክለኛውን ቃል አልቀበልም ቢል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ኪቦርዱ ደህና ሆኖ፣ ቃሉም ትክክል ሆኖ ካልከፈተ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ሰው የሚያስገባው የይለፍ ቃል ዲስኩን በቀጥታ አይፈታም። ዲስኩን የሚፈታው ኮምፒውተሩ ራሱ በዘፈቀደ ያወጣው ዋና ቁልፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 64 ባይት ርዝመት አለው። የይለፍ ቃሉ የሚፈታው ይህን ዋና ቁልፍ ነው። የይለፍ ቃል መቀየር አንድ አፍታ ብቻ የሚፈጀው ለዚህ ነው፤ ቴራባይቱ ሁሉ እንደገና አይመሰጠርም። የለክስ ነዳፊ ደግሞ ቁልፉ ሲሰረዝ ቅሪቱ ዲስኩ ላይ እንዳይገኝ ስለፈለገ፣ 64 ባይቱን 4000 እጥፍ አድርጎ ወደ 256,000 ባይት ዘርግቶታል፤ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቢት ብትጎድል ቁልፉ ተመልሶ አይገኝም። ባለቤቱ ሲሰርዘው በእርግጥ እንዲጠፋ የተሠራ ነገር በአደጋም ጊዜ ያለ ርኅራኄ ይጠፋል። በ2017 መጨረሻ የመጣው ለክስ2 በዲስኩ መነሻ ያለውን የመግቢያ መግለጫ ሁለት ቅጂ አድርጎ ይይዛል፣ አንዱ ቢበላሽ ከሌላው ይታደሳል። የቁልፎቹ ቦታ ግን ቅጂ የለውም። እኔን ብትጠይቁኝ የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ነዳፊዎቹ ለምን እንዲህ እንዳደረጉት ቢገባኝም።

ሰዎች የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው፤ የተመሰጠረ ዲስክ ትንሽ ከተነካ ሁሉም ይጠፋል ይላሉ። ቁልፉ ደህና እስከሆነ ድረስ ይህ እውነት አይደለም። ለክስ አዘውትሮ የሚጠቀምበት የምስጠራ ስልት እያንዳንዱን 16 ባይት ለብቻው ይመሰጥራል። ዲስኩ ላይ አንዲት ቢት ብትገለበጥ የሚበላሸው ያ 16 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ተራ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ጉዳቱ ስድስት ያህል ፊደል ነው፤ የቀረው ገጽ ይነበባል። የተጨመቀ ፋይል፣ ለምሳሌ የዎርድ ሰነድ፣ ከሆነ ግን ያው ትንሽ ጉዳት ፋይሉን አልከፈትም ሊያሰኘው ይችላል።

ዲስኩ ራሱ፣ ማለትም ብረቱ፣ እየሞተ ከሆነ ደግሞ መርማሪውን ማስነሣት ስህተት ነው፤ እያንዳንዱ ንባብ ያዳክመዋል። መጀመሪያ ጂኤንዩ ዲዲሬስክዩ በተባለው መሣሪያ ሙሉ ግልባጩን ወደ ጤነኛ ዲስክ ማውጣት፣ ጥገናውን በግልባጩ ላይ መሞከር ይሻላል። እዚህ ላይ ምስጠራው ለባለቤቱ ውለታ ይውላል። ግልባጩ የሚወጣው እንደተመሰጠረ ስለሆነ ጥገና ቤቱ የይለፍ ቃል አያስፈልገውም፤ ባለቤቱ ግልባጩን ቤቱ ወስዶ ይከፍተዋል።

አሁን ወደ መርማሪው። ኤፍኤስሲኬ ኤክስት4ን በአምስት ዙር ይፈትሻል፤ አይኖድ የሚባሉትን የፋይል መዝገቦች፣ ከዚያ ፎልደሮቹን፣ ፎልደሮቹ እርስ በርስ መያያዛቸውን፣ ስንት ስም ወደ አንድ ፋይል እንደሚያመለክት፣ በመጨረሻም የነጻ ቦታውን ሂሳብ። ሱፐርብሎኩ ቢበላሽ በየተወሰነ ርቀት ቅጂዎች አሉ፤ በተለመደው የ4 ኪሎባይት ብሎክ የመጀመሪያው ቅጂ ብሎክ ቁጥር 32768 ላይ ይገኛል፣ ከዚያ ጀምር ማለት ይቻላል።

ግን ታማኝነቱ ለማን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። ኤፍኤስሲኬ የሚሠራው መዝገቡ እርስ በርሱ እንዲስማማ ነው። ሁለት ፋይሎች አንድን ቦታ የእኔ ነው ካሉ ለየራሳቸው ቅጂ ይሰጣቸዋል፤ የማን እንደነበረ አይመረምርም። ትርጉም የማይሰጥ አይኖድ ሲያገኝ ላጥፋው ይላል፣ ያ አይኖድ የልጅ ሰርግ ቪዲዮ ቢሆንም። ወላጅ ፎልደሩ የጠፋበትን ፋይል ደግሞ ሎስት+ፋውንድ ወደሚባለው ፎልደር ይጥለዋል፤ ስሙ ቁጥር ብቻ ይሆናል። በኤክስት4 የፋይሉ ስም የሚኖረው ፎልደሩ ውስጥ ነው፤ አይኖዱ መጠኑን፣ ባለቤቱን፣ ቀኑንና የይዘቱን ቦታ እንጂ ስሙን አይዝም። ፎልደር ሲጠፋ ስሞች አብረውት ይሄዳሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ስም የለሽ ፋይሎችን እየከፈቱ መለየት የጥገናው አድካሚ ክፍል ነው፤ የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች አይቶ ፎቶ ይሁን ሰነድ የሚናገር «ፋይል» የሚባል ትንሽ መሣሪያ ግን ያግዛል።

ስለዚህ «ለሁሉም እሺ» የሚለውን ትእዛዝ መጀመሪያ ላይ መስጠት አልወድም። ለሁሉም «አይ» የሚል አማራጭም አለ፤ ምንም ሳይነካ ያየውን ስህተት ሁሉ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ ወደ ጥገና፤ ገጽ ሙሉ ከሆነ በቅድሚያ ግልባጭ፣ ከዚያ ጥገና።

በዊንዶውስ ያለው የምስጠራ ሥርዓት ቢትሎከርም መርሑ ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያ መክፈት፣ ከዚያ የዊንዶውስን መርማሪ ቼክዲስክን ማስነሣት። የይለፍ ቃሉ ሲጠፋ 48 አሃዝ ያለው የማገገሚያ ቁልፍ ይተካዋል፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ተቀምጦለታል።

በለክስ ደግሞ ቁልፎቹ እንዳይጠፉ መጠባበቂያ እንዲሆን የመግቢያውን ክፍል፣ ቁልፎቹን ጨምሮ፣ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቻላል፤ በለክስ2 አብዛኛውን ጊዜ 16 ሜጋባይት ያህል ነው፣ አንድ ፍላሽ ይበቃዋል። ግልባጩ ግን የድሮውን የይለፍ ቃል ጭምር ይዞ ይኖራል። ሰውየው ቃሉ ታውቆብኛል ብሎ ዲስኩ ላይ ቢቀይረው እንኳ፣ ያን ፍላሽ ያገኘ ሰው የድሮውን ቃል የሚያውቅ ከሆነ ዲስኩን ይከፍተዋል፤ ዋናው ቁልፍ አልተለወጠምና። ቃል ሲቀየር የድሮውን ግልባጭ አጥፍቶ አዲስ ማውጣት፣ ዋናው ቁልፍ ራሱ አፈትልኳል ተብሎ ከተጠረጠረ ደግሞ ሙሉ ዲስኩን በአዲስ ቁልፍ እንደገና መመስጠር ነው። ያኛው በትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል።