ፀጉር ሲረግፍ፦ ሥሩ የተረፈበትና ሥሩ የጠፋበት

በአንድ ጤናማ ሰው ራስ ላይ በአማካይ 100,000 ያህል ፀጉር የሚገኝ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ በየቀኑ ከ50 እስከ 100 የሚደርሰው ቢረግፍ የተፈጥሮ ሂደት እንጂ ሕመም አይደለም። እያንዳንዱ ፀጉር የሚበቅለው ፎሊክል ከሚባል፣ በቆዳ ውስጥ ከተቀበረ ትንሽ ከረጢት ነው፤ ከ2 እስከ 6 ዓመት ካደገ በኋላ ጥቂት ወራት አርፎ ይወድቃል፣ ከዚያው ከረጢትም አዲስ ፀጉር ይበቅላል። የፀጉር መርገፍ ሕመም የሚባለው ይህ ዑደት ሲዛባ ወይም ፎሊክሉ ራሱ ሲጎዳ ነው። ፎሊክሉ ከተረፈ ፀጉሩ የመመለስ ተስፋ አለው፤ በቦታው ጠባሳ ከተተካ ግን የትኛውም ቅባት አያበቅለውም። ስለዚህ ዓይነቱ ሳይለይ ቅባት መግዛትና መቀያየር ከገንዘቡ ይልቅ ሥሩን ማዳን የሚቻልበትን ጊዜ ያባክናል።

🔹 በዘር የሚመጣ መመለጥ

ከሁሉም በላይ የተለመደው ይህ ነው። በወንዶች ፀጉሩ ከግንባር ግራና ቀኝ ወደ ኋላ እየሸሸ አናት ላይ ይሳሳል፤ በሴቶች ደግሞ የፊቱ መስመር ሳይሸሽ መሐል አናት ይሳሳል። ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን የተባለው፣ ከቴስቶስቴሮን የሚሠራ ሆርሞን በዘር ምክንያት ለእርሱ ተጋላጭ የሆኑትን ፎሊክሎች ቀስ በቀስ ያቀጭጫቸዋል። ሚኖክሲዲል በመጀመሪያ ለደም ግፊት የተሠራ መድኃኒት ሲሆን፣ በታካሚዎች ላይ ፀጉር ሲያበቅል በመታየቱ በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ራስ ላይ ለሚቀባ ሕክምና ተፈቀደ፤ የሆርሞኑን መመረት የሚቀንሰው ፊናስተራይድ ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ለወንዶች ተፈቅዷል። የሁለቱም ውጤት ለመታየት ወራት ይፈልጋል፣ ሲቋረጡም ጥቅማቸው አብሮ ይጠፋል። ፊናስተራይድ ወንድ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትወስደው አይገባም።

🔹 ከሕመምና ከወሊድ በኋላ የሚከሰት መርገፍ

ወሊድ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ፈጣን የክብደት መቀነስ በርካታ ፎሊክሎችን በአንድ ጊዜ ወደ እረፍት ስለሚያስገባ፣ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ፀጉር በብዛት ይረግፋል። መንስኤውና መርገፉ በወራት የተራራቁ በመሆናቸው ብዙ ሰው ጥፋቱን በሻምፖው ላይ ያደርጋል። መንስኤው ካለፈ ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ የብረት ማዕድን እጥረትና የታይሮይድ ዕጢ መዛባት በደም ምርመራ ይጣራሉ።

🔹 ላሽ

በተለምዶ ላሽ የሚባለው፣ ክብና ለስላሳ ሆኖ በድንገት የሚታየው መመለጥ የሚከሰተው የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት በስሕተት የራሱን ፎሊክሎች ሲያጠቃ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ፎሊክሉንም አያጠፋም፤ ስለዚህ በብዙዎች ላይ ፀጉሩ ያለ ሕክምና እንኳ ሊበቅል ይችላል። ሐኪሞች በቦታው ላይ የስቴሮይድ መርፌ ይሰጣሉ፤ በስፋት ለሚያጠቃው ዓይነት ባሪሲቲኒብ የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅዷል። ቦታውን በሚያቃጥል ነገር ማሸት ግን ደህናውን ቆዳ ያቆስላል።

🔹 ቆረቆር

በልጆች ራስ ላይ ቅርፊት እያወጣና ፀጉርን ከሥሩ እየሰበረ የሚወጣው ቆረቆር የፈንገስ በሽታ ሲሆን፣ በማበጠሪያ፣ በመላጫና በኮፍያ ይተላለፋል። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለ6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሐኪም ባዘዘው መጠን መወሰድ አለበት። ቦታው አብጦ መግል ከያዘ ጠባሳ ሊያስቀር ስለሚችል ሕክምናው ሊዘገይ አይገባም።

🔹 ከመወጠር የሚመጣ መመለጥ

በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ያለው ፀጉር ለረጅም ጊዜ ሲወጠር የሚከሰተው ይህ ሕመም በ1907 እ.ኤ.አ. በግሪንላንድ፣ ፀጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ ሴቶች ላይ ተመዝግቧል። ሹሩባም ሆነ በላዩ የሚሰፋ ሂውማን ሄር በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከጥብቀቱ፣ ከክብደቱና ፋታ ሳይሰጥ ከመደጋገሙ ነው። ከተሠራ በኋላ የራስ ቆዳ ማመም፣ በጠርዙ ላይ የሚወጡ ትናንሽ ብጉሮችና ዓይን እስኪስብ የሚደርስ ውጥረት ሥሩ እየተጎዳ ለመሆኑ ምልክቶች ናቸው። ሕፃን ልጅ በዚህ ምክንያት ስታማርር «ለቁንጅና ሲባል ቻይው» ብሎ ማለፍ ዋጋው ከባድ ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ፀጉሩን ማላላት ብቻውን ሊያድን ሲችል፣ ዓመታት ከቆየ ግን ፎሊክሉ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ተለይቶ መታየት ያለበት ሌላ ሕመም አለ፤ በተለይ በአፍሪካውያን ዝርያ ሴቶች ላይ ከመሐል አናት ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድና ጠባሳ የሚተው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከዘረመል ለውጥ ጋር አያይዞታል፣ ስለዚህ የፀጉር አያያዝ ብቻ ያመጣው አድርጎ ሴቲቱን መውቀስ ትክክል አይደለም። ብግነትን በሚቀንሱ መድኃኒቶች እንዳይስፋፋ ማድረግ ይቻላል፤ ለማረጋገጥም ከቆዳው ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ባዮፕሲ የተባለ ምርመራ ያስፈልጋል።

የራስ ቆዳው የሚያቃጥለው፣ የሚያመው ወይም መግል የያዘበት፣ እንዲሁም የተመለጠው ቦታ የሚያብረቀርቅና የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት ሰው ሌላ ቅባት ከመሞከሩ በፊት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ ይገባል። እንደ አዲስ አበባው አለርትና እንደ ወሎው ቦሩ ሜዳ ያሉ ሆስፒታሎች በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። ጠባሳ በሚተዉት ዓይነቶች የጠፋውን መመለስ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ በጊዜ የተጀመረ ሕክምና የቀረውን ፀጉር ማትረፍ ይችላል።