ለአንድ ዕቃ አንድ ኃላፊ

ከቢቸናና ከሞጣ የሚነሣው ጤፍ በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ፥ እህል በረንዳ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። ገበሬው ያመርታል፤ ሰብሳቢው ይገዛል፤ ደላላው ያስማማል፤ ባለመኪናው ያጓጉዛል፤ የጅምላ ነጋዴው ያከፋፍላል። ሁሉም የየድርሻውን ይሠራል። ነገር ግን ማኛ ተብሎ በተሸጠው ጆንያ ውስጥ ሠርገኛ ተቀላቅሎ ወይም አሸዋ ተገኝቶ ገዢው ቢያዝን፥ «ኃላፊው እኔ ነኝ» የሚል አይገኝም።

ይህን የመሰለውን ጉድለት ለመሙላት በሌላው ዓለም የተገኘው ዘዴ የምርት ኃላፊ መመደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የካሜይ ሳሙናን ማስታወቂያ ይመሩ የነበሩት ኒል ማክኤልሮይ፥ እያንዳንዱ ሳሙና ለብቻው የሚያስብለት ሰው እንዲኖረው ለአለቆቻቸው በማስታወሻ አሳሰቡ። አሳቡም ተቀባይነት አግኝቶ ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ተዛመተ።

የምርት ኃላፊ ተግባር በአጭሩ የሚከተለው ነው። አንደኛ፥ ገዢው የሚፈልገውንና ያማረረውን ራሱ ቀርቦ ይሰማል። ሁለተኛ፥ የዕቃውን ደረጃ ይወስናል፤ የሚላከውም ከናሙናው እንዳይለይ ይቈጣጠራል። ሦስተኛ፥ ዋጋውን፥ ማሸጊያውንና ስሙን ያስተካክላል። አራተኛ፥ በዕቃው ላይ ሌላ ሰው መብት እንዳያነሣ ይጠብቃል። ገዝቶ አቅራቢው፥ መጋዘን ጠባቂውና ሻጩ በሥሩ ባይሆኑም በማስረዳት ያስተባብራቸዋል። ዕቃው ሲነቀፍ ግን ነቀፌታውን ወደ ሌላ አያሳልፍም።

ጠባቂ ያጣ ዕቃ ምን እንደሚያገኘው ጤፍ ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለመብትነት ተሰጠው። የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ የነበረውን መብት የሻረው ከ11 ዓመት በኋላ፥ በ2018 ነው። ያም የሆነው በዚያው አገር ነጋዴዎች መካከል በተነሣ ክርክር ነበር።

የቢቸና ወይም የሞጣ ነጋዴ ይህን ሥራ ለመጀመር ታላቅ ኩባንያ ማቋቋም አያስፈልገውም። ከረዳቶቹ አንዱን ለማኛው ብቻ ኃላፊ ያድርገው። ኃላፊውም ጤፉን ያስነፋ፤ ከየጭነቱ ናሙና ያስቀምጥ፤ በጆንያው ላይ የነጋዴውንና የወረዳውን ስም ከምርቱ ዘመን ጋር ያጽፍ፤ የገዢውንም አቤቱታ በመዝገብ ይያዝ። አባቶች «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ብለዋል። የጎጃም ጤፍም በገበያ የሚከበረው አስቀድሞ ሻጩ ሲያከብረው ነው።